የአውሮፓ ሱቆች አሠሪና ሠራተኛ ለምን ይደራደራሉ?

ብራስልስ ውስጥ የአውሮፓን የችርቻሮና የጅምላ ንግድ አሠሪዎችና ሠራተኞች ፊት ለፊት የሚያገናኝ ቋሚ ኮሚቴ አለ። በአሠሪዎች ወገን የሚቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዩሮኮሜርስ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፤ በሠራተኞች ወገን ደግሞ የአገልግሎት ዘርፍ ማኅበራትን ያቀፈው ዩኒ ዩሮፓ። የማኅበራዊ ምክክሩን መንገድ የጠረገው ዣክ ዴሎር ነው፤ በ1985 የአውሮፓ ኮሚሽንን ፕሬዚዳንትነት እንደያዘ የአህጉሩን አሠሪዎችና ማኅበራት ብራስልስ በሚገኘው በቫል ዱሼስ ግቢ ሰበሰባቸው። በ1998 ኮሚሽኑ ባወጣው ውሳኔ ደግሞ በየሥራ ዘርፉ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። አዳራሹንና አስተርጓሚውን የሚያቀርበው ኮሚሽኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ስምምነት ለሁለቱ ወገኖች ቀላል የማይባል ሥልጣን ሰጥቷቸዋል፦ ኮሚሽኑ ሠራተኛን የሚመለከት ሕግ ከማርቀቁ በፊት ሊያማክራቸው ይገባል፤ እነሱ የተስማሙበትም፣ ሁለቱም ከጠየቁ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ አስገዳጅ ሊሆን ይችላል።

በተግባር ግን ከንግዱ ኮሚቴ የሚወጣው በአብዛኛው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መመሪያ ነው። በ2001 የርቀት ሥራን አስመልክቶ ተስማምተዋል፤ ሁሉንም ዘርፍ የሚያቅፈው የአውሮፓ ስምምነት የመጣው ከዚያ በኋላ በ2002 ነው። ከሁሉ ይበልጥ ሥራውን በቅርበት የሚነካው ከጤና፣ ከትምህርት፣ ከአካባቢ አስተዳደርና ከጥበቃ ዘርፎች ጋር አብረው በ2010 የፈረሙት ነው። ርእሰ ጉዳዩ ከሥራ ባልደረባ ሳይሆን ከውጭ ሰው የሚመጣ ጥቃት ነው፦ ሒሳብ ላይ የተቀመጠችውን ሠራተኛ የሚሳደብ ደንበኛ፣ ሱቅ ሊዘጋ ሲል የሚመጣ ዘራፊ። መመሪያው አሠሪው አደጋውን አስቀድሞ እንዲገመግም፣ ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን፣ የደረሰው ጥቃት የሚመዘገብበት መንገድ እንዲዘረጋና የተጎዳውን እንዲደግፍ ይጠይቃል። ስድብን እንደ ሥራው ጠባይ አድርጎ ማየት በለመደ ዘርፍ ውስጥ አሠሪዎች ይህ የእኛም ኃላፊነት ነው ብለው መፈረማቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ወረቀት ነው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተቃውሞውም ባዶ አይደለም። የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኞችና አሠሪዎች በ2015 የደረሱበትን ስምምነት ኮሚሽኑ ወደ ሕግ አላሳልፍም ሲል የሠራተኞቹ ፌዴሬሽን ከሰሰ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን በ2021 ለኮሚሽኑ ፈረደ። ይህ ሁሉንም ዘርፎች የሚመለከት ፍርድ ነው። እንግዲህ የብራስልሱ ሰነድ ጉልበት የሚያገኘው በአብዛኛው በየአገሩ በሚፈረመው ኅብረት ስምምነት ነው ማለት ነው። ስምምነቱ ጉልበት የሚኖረው ደግሞ ተፎካካሪዎችን ሁሉ ሲያስር ነው። የችርቻሮ ንግድ ትርፍ ቀጭን ነው፤ ነጋዴው ዋጋ ለመቀነስ ሲያስብ ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው ደመወዝ ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ስምምነት ከታሰረ ግን ፉክክሩ ወደ ግዢ፣ ወደ መጋዘን አሠራርና ወደ መስተንግዶ ይዞራል። በስዊድን ሕግ የደነገገው ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ የችርቻሮው ስምምነት ግን በሥራ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ በኋላ ለሚሠራ ሰዓት 50 በመቶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ 70 በመቶ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላና እሑድ ደግሞ 100 በመቶ ጭማሪ ያስከፍላል። ሱቆቹ እሑድም ክፍት ናቸው።

ጀርመን የተገላቢጦሹን ታሳያለች። እስከ 2000 ገደማ ድረስ የችርቻሮው ስምምነት በመንግሥት አዋጅ የአሠሪዎች ማኅበር አባል ያልሆነውንም አሠሪ ያስር ነበር። አሠሪዎቹ ከስምምነት ነፃ የሆነ የአባልነት ዓይነት ከፈቀዱ በኋላ ያ ቀረ፤ ዛሬ አብዛኛው የዘርፉ ሠራተኛ ከስምምነቱ ውጭ ነው። በአማዞን ላይ ከ2013 ጀምሮ በተደጋጋሚ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ የቆየውም በዚሁ ነጥብ ዙሪያ ነው፦ ቬርዲ የተባለው ማኅበር ነጋዴ ስለሆንክ በችርቻሮው ስምምነት ክፈል ይለዋል፣ ኩባንያው የሎጂስቲክስ ድርጅት ነኝ ይላል። ማኅበራቱ ጠንካራ በሆኑባት ቤልጂየም እንኳ በር ተገኝቷል። የሱፐርማርኬት ኩባንያው ዴሌዝ በመጋቢት 2023 በራሱ ያስተዳድራቸው የነበሩትን 128 ሱፐርማርኬቶች ለግል ነጋዴዎች በፍራንቻይዝ እንደሚያስተላልፍ አስታወቀ፤ አድማ ተመታ፣ ሱቆቹ ግን ሁሉም ተላለፉ። ነባሩ ሠራተኛ የቀድሞ ውሉን ይዞ ይሻገራል፤ አዲስ የሚቀጠረው ግን ዝቅ ያለ ክፍያ ባለው ሌላ የዘርፍ ስምምነት ሥር ይገባል። 50 ሠራተኛ በማይሞላ ድርጅት የደኅንነት ኮሚቴ ምርጫ ስለማይካሄድ፣ በሱቁ ውስጥ የሠራተኛ ድምፅ የሚሰማበት ዋናው መንገድም አብሮ ይዘጋል።

ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት ቀድሞውንም በግል ነጋዴ የሚመሩት ሱቆች የተሻለ ይሸጣሉ የሚል ነበር። እውነት ነው፣ እሑድም ይከፍታሉ፣ ለሰፈሩም ይቀርባሉ። ነገር ግን ከብልጫው ምን ያህሉ ከነጋዴው ትጋት፣ ምን ያህሉ ከርካሽ ውል እንደመጣ ሊለይ የሚችለው ሁለቱም ዓይነት ሱቆች በአንድ ደመወዝ ሲወዳደሩ ብቻ ነው፤ ለዚህ ፈተና ደግሞ አልቀረቡም። በአንድ ጎዳና ላይ ያሉ ሁለት ሱቆች ለተመሳሳይ ሥራ የተለያየ ስምምነት የሚከተሉ ከሆነ ስምምነቱን የሚያከብረው አሠሪ ይቀጣል፣ ከዚያም እሱም መውጫ ይፈልጋል። የዘርፉ አሠሪዎች ብራስልስ ላይ ትብብርን ሲያወድሱ መጠየቅ ያለባቸው ይህንኑ ነው፦ በአገራችሁ ያለው ስምምነት የሚያስረው ማንን ነው?

በአውሮፓ ሱቅ ወይም መጋዘን የምትሠሩ አንባቢዎችም ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ። በቤልጂየም ስምምነታችሁን የሚደራደረው የዘርፍ ኮሚቴ ቁጥር በደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ተጽፏል፤ በጀርመንና በስዊድን ውል ከመፈረማችሁ በፊት አሠሪው በኅብረት ስምምነት የታሰረ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ።