የድንጋይ ከሰል ከጉድጓድ እስከ ባቡር

የድንጋይ ከሰል ከመሬት ውስጥ የሚወጣ፣ የሚነድ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቡና የምናፈላበት ከሰል ከእንጨት የሚሠራ ነው። የድንጋይ ከሰል ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በረግረግ የበቀሉ ዕፅዋት ከአፈር ሥር ተቀብረው፣ በክብደትና በሙቀት ተለውጠው የተገኘ ነው። በሀገራችንም በጭልጋ፣ በያዩ፣ በደልቢና በሞዬ ይገኛል።

ብዙ ሰው ከባዱ ሥራ ቁፋሮው ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ከተቆፈረ በኋላ ከሰሉን ማጓጓዝ፣ ማከማቸትና መጫን አለ። በእነዚህ በሦስቱም ሥራዎች ጥንቃቄ ከጎደለ የሰው ሕይወት ይጠፋል። እስቲ በየተራ እንመልከታቸው።

1. ማጓጓዝ

ድሮ በስኮትላንድ ሴቶች ከሰል በቅርጫት አዝለው ከጉድጓድ ያወጡ ነበር። ሕፃናትም ጋሪ ይጎትቱ ነበር። በ1842 እ.ኤ.አ. የወጣ የብሪታንያ ሕግ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ።

ዛሬ በብዙ ቦታ ይህን ሥራ የሚሠራው ማጓጓዣ ቀበቶ ነው። ቀበቶው ረጅምና ሰፊ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ተያይዘዋል። ሞተር ሲያዞረው ሮለር በሚባሉ ተንከባላይ ብረቶች ላይ እየተንሸራተተ ከሰሉን ተሸክሞ ይሄዳል። አንዱ ቀበቶ ሲያልቅ ከሰሉ ወደ ሌላው ቀበቶ ይወርዳል። በዚህ መቀባበያ ቦታ አቧራ ይነሣል። የከሰል አቧራ ሳንባ ይጎዳል፤ በአየር ላይ በዝቶ እሳት ካገኘ ደግሞ ይፈነዳል። ስለዚህ ውሃ ይረጩበታል።

ቀበቶ ራሱ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በእንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር ውስጥ፣ ክሬስዌል የሚባል የከሰል ማዕድን ነበረ። በመስከረም 16 ቀን 1943 ዓ.ም. (26 ሴፕቴምበር 1950 እ.ኤ.አ.) ሌሊት፣ የተቀደደ ቀበቶ መቀባበያው ላይ ተወሸቀ። ሞተሩ ግን መሥራቱን ቀጠለ። ጎማው ሲፋተግ ጋለ፤ ከዚያም ነደደ። ጢሱ ነፋሱን ተከትሎ ወደ ሠራተኞቹ ሄደ። 80 ሰዎች ሞቱ።

የገደላቸው ነበልባሉ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። እነሱንም የሚገድላቸው ይኸው ጋዝ ነው።

ከዚያ አደጋ በኋላ በቀላሉ የማይነድ ቀበቶ በሥራ ላይ እንዲውል ተደረገ። ዛሬ ከቀበቶው ጎን ለጎን የማቆሚያ ገመድ ይዘረጋል። ችግር ያየ ሠራተኛ ገመዱን ሲስብ ሞተሩ ይቆማል። ቀበቶ እየዞረ ሳለ ሮለሩን መጥረግ ክልክል ነው፤ ልብስ ወይም እጅ ከያዘ አይለቅምና።

2. ማከማቸት

ከሰሉ ወጥቶ ከተሰበረና በወንፊት ከተለየ በኋላ ይከመራል። ታዲያ የተከመረ ከሰል ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ገበሬ ይህን ነገር ያውቃል። እርጥብ ድርቆሽ ከተከመረ ውስጡ ይግላል። የከሰሉ ምክንያት ትንሽ ይለያል፤ ከሰል አየር ሲነካው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ይሰጣል። ሙቀቱ መውጫ ካጣ እየተጠራቀመ ሄዶ በመጨረሻ ይጤሳል፤ ይነዳል። በተለይ ሊግናይት የሚባለው ለጋ ከሰል በዚህ ይታወቃል።

ከሰል ከላይ ሲፈስ ትልልቁ እየተንከባለለ ከክምሩ ግርጌ ያርፋል። በትልልቁ መካከል ክፍተት ስላለ አየር በዚያ ይገባል። ስለዚህ ባለሙያዎች እንዲህ ያደርጋሉ፦

ሀ) ከሰሉን በስሱ እየዘረጉ በዶዘር ይጠቀጥቁታል፤ አየር እንዳይገባ ነው።
ለ) መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ ያወጣሉ፤ ብዙ እንዳይቆይ ነው።
ሐ) የክምሩን ሙቀት ይለካሉ፤ የጋለ ካገኙ ከክምሩ ለይተው ዘርግተው ያቀዘቅዙታል።

ዝናብም የራሱ ጣጣ አለው። ድኝ ባለበት ከሰል ላይ የወረደ ውሃ አሲድ ሊሆን ይችላል። ወደ ወንዝ ከገባ ዓሣና ሰብል ይጎዳል። በክምሩ ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ወደ ማጥለያ ኩሬ መሄድ አለበት።

3. መጫን

ባቡር ባለበት ቦታ ከሐዲዱ በላይ ትልቅ ጎተራ ይሠራል። ባቡሩ በጣም በዝግታ ከጎተራው ሥር ያልፋል። እያንዳንዱ ፉርጎ ሲደርስ የጎተራው አፍ ይከፈታል፤ ፉርጎው ሲሞላ ይዘጋል። ክብደቱ ይመዘናል፤ ከመጠን በላይ የተጫነ ፉርጎ ሐዲዱን ይጎዳልና። አቧራ እንዳይበን ከላይ ተስተካክሎ ውሃ ይረጭበታል።

ጎተራው ሲታፈን ሠራተኛ ገብቶ ሊቆሰቁስ ይፈልግ ይሆናል። ይህ ሞት ነው! የቆመበት ከሰል ከታች ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ሲናድ ይውጠዋል። በትልቅ የእህል ጎተራም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ከሰል ያለው አገር ማሽን ስለገዛ ብቻ ተጠቀመ አይባልም። ሠራተኛው የሚሠራበትን ዕቃ ጠባይ ማወቅ፣ ማስጠንቀቂያውንም አንብቦ መረዳት አለበት። የሚያሠራውም ወገን ለምርቱ ሲል አደጋን ችላ ማለት የለበትም። ገመዱን ስቦ ቀበቶ ያቆመ ሠራተኛ ሥራ አስተጓጎለ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም፤ የጓደኞቹን ነፍስ አድኖ ይሆናልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክሬስዌል እሳቱ እንዴት ተነሣ?
2. የከሰል ክምር የሚጠቀጠቀው ለምንድን ነው?
3. በቤታችን ከሰል ስናቀጣጥል ምን ዓይነት ጥንቃቄ ማድረግ አለብን?