የጭነት አህያ የዕለት ተዕለት አያያዝ በአዊ

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

አዊ በፈረስ የታወቀ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ፈረሱ አጊጦ አደባባይ ይወጣል። አህያ እንዲህ ያለ ቀን የለውም። ሆኖም በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ድንቹና ገብሱ፣ ጤፉና በቆሎው ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ገበያ ሲጓዝ ከፍተኛው ሸክም የሚያርፈው በአህያ ላይ ነው። ውሃ ከምንጭ፣ እህል ወደ ወፍጮ፣ ማዳበሪያ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ወደ ቤት የሚያደርሰው እርሱ ነው። ከዲከረንስ ዛፍ የሚመረተውም ከሰል ወደ መኪና መንገድ የሚወጣው በእርሱ ነው።

ገበሬው አህያውን ይወዳል፤ ልጆችም ስም አውጥተው ይጠሩታል። ነገር ግን የሚወደድ አህያም ቢሆን ባልተመቸ ጭነት ይቆስላል። አህያው ሲቆስል ሥራው አይቀርም፤ ውሃውና እህሉ ወደ እናቶችና ወደ ልጃገረዶች ጀርባ ይዛወራል። ስለዚህ የአህያን ጀርባ መጠበቅ የቤተሰቡን ጉልበት መጠበቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከማለዳ እስከ ማታ ሊደረግ የሚገባውን እንገልጻለን።

1. አህያ የደረቅ አገር እንስሳ ነው

የአህያ ዘር መነሻ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ምድር ነው። የዱር አህያ ዛሬም በአገራችን በአፋር በረሃ በጥቂቱ ይገኛል። በዚህ ምክንያት አህያ ሌላ እንስሳ የማይጠግብበትን ገለባ በልቶ ይሠራል፤ ውሃ ጥምንም ይችላል። ዝናብንና ጭቃን ግን አይችልም። ጸጉሩ እንደ ፈረስ ጸጉር ውሃን አያንሸራትትም፤ ሰኮናውም እርጥበት ሲበዛበት ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአዊ ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡም ብዙ ነው። አህያውን በክረምት ደጅ ማሳደር ከጭነት ባልተናነሰ ይጎዳዋል።

2. ማለዳ፣ ከመጫን በፊት

ሀ. አህያው ሳይጫን መኖና ውሃ ያግኝ። በባዶ ሆዱ የተነሣ አህያ መንገድ ላይ ቶሎ ይደክማል።

ለ. ጀርባውን፣ ጫንቃውን፣ የጎድኑን ግራና ቀኝ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ሲነካ የሚሸሽበት፣ የሚሞቅ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ በዚያን ቀን አይጫን። ከላይ ያልተላጠ እብጠት በማግሥቱ ቁስል ይሆናል።

ሐ. አራቱንም ሰኮና አንሥቶ በመካከሉ የገባውን ጠጠርና ጭቃ በእንጨት ማውጣት ይገባል። በዚህ ጊዜ መጥፎ ሽታ ከወጣ ብስባሴ መጀመሩን ያመለክታል።

3. አጫጫን

“አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ይባላል። በጀርባ ቁስል ጉዳይ ግን ጥፋቱ በእርግጥም ከዳውላው ነው፤ ዳውላውንም የጫነው ሰው ነው።

የአገራችን አህያ ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ከ100 እስከ 140 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። እንግዲህ በአንድ አህያ ላይ አንድ ኩንታል መጫን የራሱን ክብደት ያህል ማሸከም ነው። ለረጅም መንገድ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ ለደካማ፣ ለሽማግሌና ለወጣት አህያ ከዚህም ይቀነስ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞሉ 40 ኪሎ ግራም እንደሚሆኑ ማስታወስ ለግምት ይረዳል።

ክብደቱ ልክ ሆኖም አቀማመጡ ሊጎዳ ይችላል። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን የማዳበሪያ ከረጢት እንዳለ በጀርባ ላይ ተጋድሞ ሲታሰር ጫናው በሙሉ በጀርባ አጥንት ላይ ያርፋል። ያው ከረጢት በሁለት ጆንያ ተከፍሎ 25 በግራ፣ 25 በቀኝ ሲንጠለጠል ግን ሸክሙን የሚሸከመው የጎድኑ ሥጋ ነው። ከሰል ቀላል ቢሆንም ጆንያው ከፍ ስለሚል እየተወዛወዘ ጀርባን ይፍቃል፤ ዝቅ ብሎና በሁለት ወገን እኩል ሆኖ ሊታሰር ይገባል።

መደላድል በቤት ሊሠራ ይችላል። ሁለት ጠባብ ጆንያዎች በንጹሕና በደረቅ ገለባ ይሞሉና ጎን ለጎን ይሰፋሉ። በመካከላቸው የአራት ጣት ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ጀርባ አጥንቱ በዚህ ክፍት ሥር ይሆናል። ከተጫነ በኋላ እጅ በክፍቱ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ገለባው ተጨፍልቋልና ይጨመር። ቀጭን የናይለን ገመድ ቆዳን ስለሚቆርጥ መጫኛው ከቆዳ ወይም ከሰፊ ጨርቅ ቢሆን ይመረጣል። ከሆድ ሥርና ከጅራት ሥር የሚያልፈው ማሰሪያ በጨርቅ ይጠቅለል። በላብና በዝናብ የራሰ መደላድል ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ እንደገና መጫን የለበትም።

4. በመንገድና በገበያ

አህያ ከቆመ ምክንያት አለው። ወንዝ ሲሻገር፣ ድልድይ ሲያይ ወይም ጭነቱ ሲዞርበት ይቆማል። ዱላ ከማንሣት በፊት ጭነቱን መመልከት ይገባል። በቁስል ላይ መምታትና በስለት መውጋት ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

በገበያ ቀን አህያው ጭነቱ እስኪሸጥ ድረስ ተጭኖ መቆም የለበትም። እንደ ደረሱ ማራገፍ፣ መደላድሉን አንሥቶ ጀርባውን ማናፈስ፣ ጥላ ባለበት ማሰርና ውሃ ማጠጣት አስፈላጊ ነው። አህያ የቆሸሸ ውሃ ሲቀርብለት ሳይጠማ ቀርቶ ሳይሆን ንጹሕ ስላልሆነ ብቻ እንደሚተወው ማወቅ ይጠቅማል።

5. ማታ

የገብስ፣ የጤፍ ወይም የዳጉሳ ገለባ፣ ድርቆሽ፣ ከሥራ በኋላ የግጦሽ ጊዜና ጥቂት ጨው ለአህያ በቂ መሠረት ነው። ሥራ በሚበዛበት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ፉርሽካ ቢጨመርለት ጉልበቱን ይመልሳል። ሻጋታ ያለበት መኖ አይሰጠው።

የማደሪያው ወለል ከፍ ያለና ውሃ የማይተኛበት፣ ጣሪያው የማያፈስ ይሁን። ቀንድ ካላቸው በሬዎች ጋር በአንድ ጋጣ ሲያድር ስለሚወጋ ይለይ። “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” እንደሚባለው፣ ከጅብ የሚያስጥለው ጠንካራ በርና አጥር ነው።

አህያ ጓደኛ ይወዳል። አብረው የሚውሉ ሁለት አህዮች ሲለያዩ ይጮኻሉ፣ መኖም ይተዋሉ። አንዱ ሲሸጥ ወይም ሲሞት የቀረውን ለጥቂት ቀን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል።

6. ቁስልና ሕመም

አህያ ሕመሙን ይደብቃል። ጆሮው ከወደቀ፣ ከጓደኞቹ ከተለየ፣ መኖውን ከቀነሰ ሕመሙ ቀላል አይደለም። አንድ ቀን ሙሉ መኖ ያልቀመሰ አህያ በአስቸኳይ ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት፤ በረሃብ ጊዜ የሰውነቱ ስብ ወደ ደሙ ገብቶ ሊገድለው ይችላልና።

ለቁስል፦
ሀ. ጭነት ወዲያውኑ ይቁም። ጭነቱ ሳይቆም ማንኛውም መድኃኒት አይረዳም።
ለ. በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ በየቀኑ ማጠብና ከዝንብ መጠበቅ።
ሐ. የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውሃ ወይም እበት መቀባት፣ በጋለ ብረትም መተኮስ ቁስሉን ያሰፋል እንጂ አያድንም።
መ. መግል ወይም ሽታ ካለው፣ ወይም ሰውነቱ ከገተረ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

ረግረግ ባለበት ሣር የሚግጥ አህያ የሆድ ትልና የጉበት ትል ይይዘዋል። የትል መድኃኒት በክረምት መግቢያና መውጫ እንዴት እንደሚሰጥ ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ይገባል። ሰኮናም በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይስተካከል።

7. እንስት አህያና ውርንጭላ

አህያ አንድ ዓመት ያህል ታረግዛለች፤ በአብዛኛው የምትወልደውም አንድ ውርንጭላ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ጭነቷ ይቀነስ፣ ልትወልድ ስትቃረብም ይቁም። ውርንጭላ ሦስት ዓመት ሳይሞላው መጫን አጥንቱን ያጎብጠዋል። በደንብ የተያዘ አህያ ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

አህያ በዝግታ የሚራባ በመሆኑ ያለቀውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይጠይቃል። ቆዳው በውጭ አገር ለመድኃኒት ሥራ ስለሚፈለግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ቁጥሩ ቀንሷል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያ ለቆዳው ሲባል እንዳይታረድ የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው።

8. ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠበቅ

ሀ. ማዳበሪያና ዘር በሚታደልበት መጋዘን ሚዛንና ባዶ ጆንያ ይቀመጥ፤ አባላት ጭነታቸውን በሁለት ከፍለው ይጫኑ።
ለ. መደላድል መሥራት የሚችሉ አባላት ለሌሎች እንዲያሳዩ ይደረግ።
ሐ. በመጋዘኑና በገበያው አጠገብ ማራገፊያ፣ ጥላና የውሃ ገንዳ ይዘጋጅ።
መ. አህያው ቆስሎ ለሚያርፍበት አባል ጎረቤቶች በተራ አህያ የሚያውሱበት ስምምነት ይኑር። ብዙ ሰው የቆሰለ አህያ የሚጭነው ጨክኖ ሳይሆን ሌላ መጫኛ ስላጣ ነው።

የልማት ሠራተኛው ሥራውን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሊጀምር ይችላል። ባለቤቶቹን አስፈቅዶ የአሥር አህዮችን መደላድል ያንሣ፤ ስንቱ ቁስል እንዳለው፣ ቁስሉም በየትኛው ቦታ እንደሆነ ይመዝግብ። ከጀርባ አጥንቱ ላይ ከሆነ መደላድሉን፣ ከጎድኑ ከሆነ ገመዱን፣ ከጅራቱ ሥር ከሆነ ማሰሪያውን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያስተካክል። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ይቁጠር።