አሳታሚነትን ከሆሳዕና ሆኖ መማር

«ትንሹ ልዑል» የተባለው መጽሐፍ በከምባታ ሕዝብ ቋንቋ፣ በከምባቲሳ፣ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የተረጎሙት ደግነት ዎታንጎ እና ቋንቋውን ለዓመታት ያጠኑት ኢቮን ትራይስ ናቸው። መጽሐፉን ያወጣው ግን ቲንተንፋስ የተባለ የጀርመን አሳታሚ ነው፤ የታተመበት ቦታ ዱራሜም አዲስ አበባም አልነበረም። የኢቮን ትራይስ የከምባቲሳ ሰዋስውም እ.ኤ.አ. በ2008 ኮሎኝ ላይ ታትሟል። ኡልሪኽ ብራውኬምፐር የጻፉት ሰፊው የሀዲያ ታሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ፣ በ2012 በእንግሊዝኛ እዚያው ጀርመን ወጣ። ለእነዚህ አሳታሚዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ስለ ሀዲያና ስለ ከምባታ የተጻፈ መጽሐፍ ለመታተም ይህን ያህል መንገድ መሄዱ ሊያስቆጨን ይገባል።

አንባቢ ስለሌለ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሀዲይሳን አፍ መፍቻው ያደረገው ሕዝብ ከ1.2 ሚሊዮን፣ ከምባቲሳን ያደረገው ከ600 ሺህ በላይ ነበር። ልጆች ሁለቱንም ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ትምህርት ቤት ይማራሉ። የመማሪያ መጽሐፉን ሲጨርሱ ግን በገዛ ቋንቋቸው የሚያነቡት እምብዛም አያገኙም። ጸሐፊም አለ፤ ከሆሳዕና እስከ ሾኔ፣ ከአንጋጫ እስከ ሺንሺቾ ተረትና ምሳሌ የሰበሰቡ መምህራን ረቂቃቸውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋል። የጎደለው በጸሐፊውና በማተሚያ ቤቱ መካከል የሚቆመው ባለሙያ፣ አሳታሚው ነው።

አገራችን ውስጥ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ጸሐፊው ራሱ ነው። ገንዘብ ተበድሮ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ ካርቶኖቹን ቤቱ ያከማቻል፣ ከዚያ በየመጻሕፍት መደብሩ ይዞራል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረ፤ አርታኢ መድቦ ረቂቅ እየመረጠ ያሳትም ነበር። ለሆሳዕናና ለዱራሜ የምመኘው የዚያን ዓይነት ሙያ ነው፤ በአነስተኛ አቅም፣ ከከተማው ሳይወጣ።

ሙያው በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ በርቀትም መማር ይቻላል። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ብሩክስ ዩኒቨርሲቲ የአሳታሚነት ማስተርስ በርቀት ሲሰጥ ቆይቷል። በሕንድ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በመጽሐፍ አሳታሚነት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ አለው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሌሎች የትምህርት መስኮች ብዙ ኢትዮጵያውያንን በርቀት አስተምሯል።

ትምህርቱ ረቂቅ መምረጥን፣ አርትዖትን፣ የገጽ ቅንብርን፣ ውልንና የቅጂ መብትን፣ ስርጭትንና ሽያጭን ይዳስሳል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የወጪ ስሌቱ ነው። ለአርትዖት፣ ለቅንብርና ለሽፋን የሚከፈለው፣ መቶ ቅጂም ታተመ አሥር ሺህ፣ ያው ነው። ይህ ቋሚ ወጪ 100,000 ብር ነው እንበል። 200 ቅጂ ቢታተም ወረቀቱ ሳይታሰብ በእያንዳንዱ ላይ 500 ብር ያርፋል፤ 2,000 ቢታተም 50 ብር። ስለዚህ ጸሐፊው ዋጋ ለማውረድ ብዙ ያሳትምና መጽሐፉ ሳይሸጥ አቧራ ይጠጣል። ሙያውን የተማረ ሰው መጀመሪያ ገዢዎቹን ይቆጥራል፦ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን፣ ደቡብ አፍሪካ የሄደው የአካባቢው ልጅ ስንት ሊገዛ ይችላል? ከዚያ ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ ከኦፍሴት ይልቅ ዲጂታል ኅትመትን ይመርጣል፤ ዲጂታሉ የማተሚያ ሰሌዳ (ፕሌት) ስለማይፈልግ ጥቂት ቅጂ አትሞ፣ ሲያልቅ መድገም ያስችላል። የገጹን ብዛትም ያስተካክላል። ኦፍሴት ብዙውን ጊዜ በ16 ገጽ ፎርም ስለሚሄድ 162 ገጽ የሆነ ረቂቅ ለሁለት ገጽ ሲባል ተጨማሪ ወረቀት ይበላል፤ ጎበዝ አርታኢ 160 ላይ ይጨርሰዋል።

በርቀት መማር ረጅም ታሪክ አለው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪ የትም ተምሮ እንዲፈተን ፈቅዷል። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ርቀት ትምህርት ዞሮ ኋላ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቷል፤ ኔልሰን ማንዴላም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። የሀዲያና የከምባታ ዞኖች መምህራንም ሞጁል እያነበቡ፣ አሳይመንት እየሠሩ፣ ለቲቶሪያል ቅዳሜና እሑድን እየሰጡ ደረጃቸውን ማሻሻልን ያውቁታል። የውጭው ማስተርስ ልዩነቱ ሞጁሉ በኢንተርኔት መምጣቱና በመጨረሻ የመመረቂያ ጥናት መጠየቁ ነው።

እንቅፋቱ ቀላል አይደለም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲታሰብ በጣም ከብዷል። የእውቅና ጥያቄም አለ፤ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት ርቀት ትምህርትን አግዶ፣ ኋላ ላይ እገዳውን ማላላቱ አይረሳም። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዲግሪው የአቻ ግምት ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለሁሉም መክፈል ካልተቻለ፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አንድ ሁለት መምህር በጋራ ከፍለው ቢያስተምሩ እመክራለሁ። የመመረቂያ ጥናታቸውም በሀዲይሳና በከምባቲሳ የልጆች ተረት ማሳተም ላይ ይሁን፤ የወጪ ስሌቱ፣ የውሉ ናሙና፣ ቅጂዎቹን የሚገዙት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ጭምር ይግባበት። ሲመረቁ በእጃቸው የሚኖረው ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ዕቅድ ነው፤ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከወመዘክር የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ወስደው የመጀመሪያውን ተረት ማተም ይችላሉ።