«ዘውዴ» ማን ናቸው? የሪፈረንስ ሥርዓትና የኛ ስም

ጥናታዊ ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ስታስረክቡ አማካሪያችሁ «ሪፈረንሱን አስተካክሉ» ብለው መልሰውባችሁ ያውቃል? ነጥብና ኮማ መልቀም ያሰለቻል። ግን ሥርዓቱ አንድ ቀላል ሥራ አለው፦ አንባቢው የጠቀሳችሁትን ጽሑፍ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ መንገድ ማሳየት።

ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ኤፒኤ የተባለው ሥርዓት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ውስጥ የታተመ የሰባት ገጽ መመሪያ ነው። በዚህ ሥርዓት ቀድሞ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ እኛ በልማዳችን የቤተሰብ ስም የለንም። ከስማችን ቀጥሎ ያለው የአባታችን ስም ነው።

የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን እንውሰድ። ሥርዓቱን እንዳለ ከተከተልን «ዘውዴ፣ ባ.» ይሆናሉ። መጽሐፉን የጻፉት ግን ባሕሩ እንጂ አባታቸው አይደሉም! «ባ.» ደግሞ ባዩ ይሁን ባልቻ ማን ያውቃል? ለዚህ ነው በኢትዮጵያ ጥናት መስክ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ»ን የመሳሰሉ ሥራዎች ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም የሚደረድሩት።

እናንተስ? መጀመሪያ ኮሌጃችሁ የትኛውን እንደሚፈልግ ጠይቁ። ከዚያ የያዛችሁትን እስከ መጨረሻው አትልቀቁ። ጽሑፉ ውስጥ «ባሕሩ» ብላችሁ ዝርዝሩ ላይ «ዘውዴ» ካላችሁ፣ አንባቢው «በ» ሥር ፈልጎ ያጣዋል።

ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ጽሑፉን ለጓደኛችሁ ስጡና «እዚህ የተጠቀሰውን መጽሐፍ ከዝርዝሩ ውስጥ አውጣልኝ» በሉት። ሳይንገዋለል ካገኘው ሪፈረንሳችሁ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።