ከማዕድ የማይለይ ልጅ

ጾም ተፈትቶ ቤተ ሰብ በአንድ ማዕድ ሲሰበሰብ፥ ከልጆች አንዱ ብቻውን ሌላ ምግብ የሚቀርብለት ከሆነ የእናት ልብ ያዝናል። በአሜሪካ ከሚኖሩ ምእመናን መካከል ሴሊያክ በሚባለው ደዌ የተያዘ ልጅ ያላቸው ይህን ያውቁታል። በስንዴ፥ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የእንዲህ ያለውን ልጅ አንጀት ይጐዳል፤ መድኃኒቱም ዕድሜ ልክ ከዚያ መከልከል ነው።

ሥጋ በተፈጥሮው ግሉተን የለበትም። ነገር ግን በስሱ እየተቈረጠ በሚሸጠው የበሰለ የተርኪና የበሬ ሥጋ ዱቄት፥ ማልት ወይም ከስንዴ የተሠራ ሶይ ሶስ ሊጨመርበት ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ በምግብ ውስጥ ያለ ስንዴ በግልጽ እንዲጻፍ ያዛል፤ ሥጋን የሚቈጣጠረው ግን የእርሻ ሚኒስቴር ስለ ሆነ፥ ይህ ሕግ በሥጋ ላይ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ «ከግሉተን ነጻ» የሚል ጽሕፈት ያለበትን መምረጥ ይበጃል።

እኛም ወላጆችን የምንመክረው፥ በመደብሩ መኪና የሚቈረጠውን ትተው በፋብሪካ ታሽጎ የመጣውን እንዲገዙ ነው፤ ያው ስለት አስቀድሞ ዱቄት ያለበትን ሥጋ ቈርጦ ይሆናልና። እንጀራውም ንጹሕ ጤፍ መሆኑ ይጠየቅ፤ በዚያ አገር ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታልና። ስለ ቅዱስ ቍርባን ደግሞ፥ ኅብስቱ ከስንዴ ስለ ሆነ፥ ችግሩን ሳይደብቁ የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል።

ለልጁ የተመረጠውን ሁሉም አብሮ ቢበላው፥ ማዕዱ አንድ ይሆናል።