ተራራው ሰዓት አለው፣ ወንዙ የላይ አገር አለው

ስልካችሁን ከፍታችሁ «ደባርቅ፣ ቅዳሜ፣ ፀሐያማ» የሚል ብታዩና በዚያው ተማምናችሁ ስሜን ተራራ ለመውጣት ሻንጣ ብታዘጋጁ አልፈርድባችሁም። ሁላችንም የምናደርገው ነው። ግን እስቲ ስለዚህ ነገር ላጫውታችሁ፤ አንዴ ከገባችሁ ሰማይ የምታዩበት ዓይን ይለወጣል። የተራራ አየርና የወንዝ አየር ለየቅል ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ከከተማ ትንበያ ጋር ብዙ አይተዋወቁም።

ከከፍታው እንጀምር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ይህን ለማመን ስሜን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ በገዛ ቆዳው ያውቀዋል። ጎሐ ጽዮን ላይ ጃኬቱን ቆልፎ የተቀመጠው ተሳፋሪ ዓባይ ድልድይ ሲደርስ መስኮት ይከፈትልኝ ብሎ ይጨቃጨቃል፤ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ዝጉልኝ ይላል። በረሃው ከአፋፉ 1,400 ሜትር ያህል ስለሚጠልቅ ልዩነቱ ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። አሁን ስሌቱን ወደ ላይ አዙሩት። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስሜን ያለው የቧሂት ጫፍ 4,430 ሜትር ነው። ጎንደር 25 ዲግሪ ሆኖ ሰው ጥላ ጥላውን ሲሄድ፣ ቧሂት ላይ 10 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ያውም ነፋሱ ሳይቆጠር። ሌሊቱማ ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር እዚያው ስሜን፣ ግጭ ወይም ጨነቅ ላይ ድንኳን ተክሎ ያደረ ሰው፣ ጠዋት ሣሩን አመዳይ ለብሶ ቢያገኘው አይደነቅ። በእኛ ተራሮች ላይ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። «ወሩ ሞቃት ነው» ብሎ ቀለል አድርጎ መልበስ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ታዲያ ስልኩ ለምን ያሳስታል? ትንበያውን የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ዓለምን በካሬ ከፋፍለው ነው የሚያሰሉት። የአንዱ ካሬ ጎን ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ካሬ ውስጥ የስሜን ገደል ከነአፋፉ፣ ከነቆላው፣ ከነጫፉ ተደምሮ አንድ አማካይ ከፍታ ይሰጠዋል። ከሺህ ሜትር በላይ የሚወርደው ገደል ለኮምፒውተሩ ለስላሳ ተዳፋት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን እናንተ በማትቆሙበት ቦታ ላይ እውነት የሆነ ቁጥር ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልውሰዳችሁ፤ ወደ ሰዓቱ። እሜት ጎጎ የሚባለውን፣ 3,926 ሜትር ላይ ያለውን የስሜን ገደል አፍ አስቡ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትቆሙበት ከታች ያለው ቆላ፣ ጉብታው፣ መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 4 ሰዓት አለፍ ሲል ከእግራችሁ ሥር ጥጥ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። ጉሙ ከሰማይ አይወርድም፤ ከታች ነው የሚወጣው! ፀሐይ ገደሉንና ቆላውን ስታሞቅ የሞቀው አየር ይቀላል፤ ግድግዳውን ተከትሎ ሽቅብ ይሳባል፤ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፤ የያዘው እርጥበት ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጥና ደመና ይሆናል። እርጥበቱ ጥቂት ከሆነ ነገሩ በጉም ያበቃል። ብዙ ከሆነ ግን ደመናው ማደጉን ይቀጥላል፤ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ፣ በረዶ፣ ዶፍ ይዞ ይመጣል። በዝናቡ ወራት የተራራ ጠዋት ጥርት ብሎ ከሰዓቱ የሚጠቁረው በዚህ የተነሳ ነው፤ በየቀኑ የሚደገም ሥራ ነው እንጂ ድንገተኛ አይደለም።

ተራራ የለመዱ ሰዎች ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ከቀትር በፊት ጫፍ የሚደርሱት ለዚህ ነው። ደመናው ከጎኑ ስፋት ይልቅ ቁመቱ ከበለጠ፣ ሆዱ ከጠቆረ፣ ድንገትም ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችሁን ከመታ፣ ፎቶውን ትታችሁ ውረዱ። መብረቁን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማችሁ አደጋው እናንተ ጋ ደርሷል። ጫፍና አፋፍ ላይ አትቁሙ። ብቻዋን ከቆመች ጅባራ ሥርም አትጠለሉ፤ በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ረጅሟ እሷ ናት።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ብቻ ልበልና እናልፋለን። ጋቢ እንደማንኛውም ጥጥ ደረቅ እስካለ ድረስ ወደር የለውም፤ ከረጠበ ግን ይከብዳል፣ የሰውነትን ሙቀትም ይመጥጣል። ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር በርኖስና ባና መሥራቱ ለጌጥ ብቻ አይምሰላችሁ። እርጥበት፣ ነፋስና 8 ዲግሪ ሲገናኙ ሰውን ለመጉዳት በረዶ አያስፈልጋቸውም።

ወንዙ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ተራራ ላይ አደጋውን ዓይናችሁ እያየ ነው የሚመጣው። ወንዝ ዳር ሰማዩ ጠርቶ፣ ወፍ እየዘመረ ውሃው ሊወስዳችሁ ይችላል፤ ምክንያቱም የወንዝ አየር ያለው እናንተ በቆማችሁበት ሳይሆን ከላይ ባለው አገር ነው። ለዚህ ከድሬዳዋ የበለጠ መራራ ምስክር የለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ከበላይ ባሉት ደጋዎች የዘነበውን ይዞ ሌሊት ደረሰ። ሰዉ በተኛበት ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ደራሽ የሚባለው ውሃ ይህ ነው።

ጀልባ የምትቀዝፉ፣ ገደል ለገደል የምትሄዱ ወይም ወንዝ ዳር ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ውሃውን እንደ ሰው ፊት አንብቡት። ጥርት ያለው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ድምፁ ከወትሮው ከጎረነነ፣ ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዕቃ መሰብሰብ የለም፤ ወደ ከፍታ መውጣት ብቻ። በኃይል የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ኖሮትም አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። ለጥ ያለው አሸዋ ለመኝታ ምቹ ይመስላል፤ ግን እንዲያ የደለደለው ያው ጎርፉ ነው።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል። ለሰማዩ ትንሽ ያስኬዳል፤ ለወንዙ ግን ፈጽሞ። ዓባይ ሞልቶ የሚገኘው ቡሄ አካባቢና ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዓመቱ ውሃ 80 በመቶ ያህሉ የሚወርደው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። መሬቱ ውሃ ጠግቦ ስለሚቆይ፣ ዝናቡ ቀነስ ቢልም ወንዙ ቶሎ አይጎድልም።

ወቅት መምረጥ ምን እንደሚያመጣ ሁለት ታሪኮች ያሳያሉ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመራው የእንግሊዝ ቡድን ዓባይ ላይ ጀልባውን ሲያወርድ ወንዙ ሙሉ ነበር። ጎማ ጀልባዎቹ ከማዕበሉ ጋር ታገሉ፤ ከቡድኑ አባላትም አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጠመ። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ቀዛፊዎች ደግሞ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ከግሽ ዓባይ ተነሥተው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። በጋ ነበር፤ ውሃው እየቀነሰ የሚሄድበት። በጋም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፦ አለቱ ገጥጦ ይወጣል፣ የሸለቆው ሙቀት ያዝላል፣ ከቀትር በኋላም ነፋሱ ሸለቆውን ተከትሎ ሽቅብ ስለሚነፍስ ቀዛፊው ውሃ ወደ ታች እየሄደለት እንኳ ይለፋል።

ዛሬ ደግሞ ግድብ አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካውያን ቀዛፊዎች በጎማ ጀልባ የወረዱት ኦሞ፣ ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የመንገዱ ከፊል ሐይቅ ሆኗል። ጢስ ዓባይም ምን ያህል እንደሚጢስ ዝናቡ ብቻውን አይወስንም፤ ከጣና የሚለቀቀው ውሃም አለበት። እንዲህ ባለ ቦታ ሰማይ ከማየት የግድቡን ሰዎች መጠየቅ ይሻላል።

ለስሜን የእኔ ምርጫ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ አየሩ ታጥቦ ጠርቶ፣ ሣሩም ገና ሳይደርቅ። ይህን ግን ለባሌ አትዋሱት። ደቡቡ በበልግም በመጸውም ዝናብ ስለሚያገኝ እዚያው ባሌ ሰነቲ ላይ ጥቅምት ራሱ ሊያረጥባችሁ ይችላል። ገርዓልታ ላይ አለት የምትወጡ ደግሞ ከዝናብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ታገሡ፤ የአሸዋ ድንጋይ ሲረጥብ ይደክማል፣ የጨበጣችሁት እጃችሁ ላይ ሊቀር ይችላል።

ለጉዞ ስትሰናዱ እንግዲህ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ እዩ፤ እሱ የሰሞኑን አጠቃላይ ጠባይ ይነግራችኋል። ቀኑ ሲደርስ ግን ተራራ የምትወጡ ከሆነ በዋዜማው ደመናው በስንት ሰዓት እንደወጣ የአካባቢውን እረኛ ወይም አስጎብኚ ጠይቁ። ወንዝ የምትወርዱ ከሆነ ከምንጩ በኩል ባለው ከተማ ወደሚኖር ሰው ደውሉና ትናንትና ማታ ዘንቦ እንደሆነ አጣሩ። ዘንቦ ከሆነ በዚያ ቀን ውሃ አትግቡ።