የጨቅላ ሕፃናት የአድሬኖሊኮዲስትሮፊ ምርመራ፦ የፎስፎሊፒድ ልኬት ውጤት ምን ይገልጻል?

በአሜሪካ የሚወለድ ሕፃን ከተወለደ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተረከዙ በትንሹ ተወግቶ ጥቂት የደም ጠብታዎች በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይወሰዳሉ። ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ ክፍለ ግዛቱ ወደሚጠቀምበት የጨቅላ ሕፃናት ምርመራ ላቦራቶሪ ይላካል። ከጊዜ በኋላ አንዳንድ ወላጆች ከሕፃናት ሐኪማቸው ስልክ ተደውሎላቸው፣ አንድ ልኬት ከተለመደው ከፍ ማለቱና ልጁ ለተጨማሪ ምርመራ መቅረብ እንዳለበት ይነገራቸዋል። ሕፃኑ ግን ጡት በሚገባ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ክብደቱም ይጨምራል።

በዚህ ጊዜ ወላጆች በሁለት መንገድ ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንዳንዶች ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ፍርድ በመቁጠር ተስፋ ይቆርጣሉ። ሌሎች ደግሞ ልጁ ጤናማ መስሎ ስለሚታይ ቀጠሮውን ይተዋሉ። ይህ መረጃ ልኬቱ እንዴት እንደሚከናወን፣ ውጤቱ ምን እንደሚያመለክትና ወላጆች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያብራራል። በተለይም በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይጠቅማል።

የበሽታው ምንነት

አድሬኖሊኮዲስትሮፊ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። መንስኤው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ በሚገኘው ኤቢሲዲ1 በተባለ ዘረ መል ላይ የሚፈጠር ለውጥ ነው። ይህ ዘረ መል በጣም ረጃጅም የሆኑ የስብ አሲዶችን በሕዋስ ውስጥ ወደሚፈጩበት ክፍል የሚያስገባውን ፕሮቲን ያዘጋጃል። ፕሮቲኑ ሥራውን ካልሠራ ስቦቹ ሳይፈጩ ይቀሩና በአንጎል፣ በህብለ ሰረሰርና ከኩላሊት በላይ በሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች ይከማቻሉ።

በሽታው በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ17,000 ልደቶች 1 ገደማ ነው። ከታማሚ ወንዶች መካከል ሲሶ ያህሉ በልጅነታቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ አንጎልን የሚጎዳው ዓይነት ይይዛቸዋል። በትምህርት ወደ ኋላ መቅረት፣ የጠባይ ለውጥ፣ የመስማት ወይም የማየት ችግር የመጀመሪያ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሕክምና ካልተደረገ ሕመሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለከባድ አካል ጉዳትና ለሞት ይዳርጋል። አብዛኞቹ ታማሚ ወንዶች በሕይወት ዘመናቸው የአድሬናል ዕጢ ድክመት ይገጥማቸዋል፤ በጉልምስና ደግሞ የእግር መድከምና የአረማመድ ችግር ይታይባቸዋል።

ለምን ፎስፎሊፒድ ይለካል?

ፎስፎሊፒድ የሕዋሳት ግድግዳ የሚሠራበት የስብ ዓይነት ነው። አንዱ ጫፉ ውኃን የሚወድ ሲሆን ሌላው ጫፉ ውኃን የሚሸሽ የስብ አሲድ ጅራት ነው። በሰው ሰውነት ውስጥ በብዛት የሚገኙት የስብ አሲዶች 16 ወይም 18 የካርበን አቶሞች የተቀጠሉባቸው ናቸው። በአድሬኖሊኮዲስትሮፊ ግን 26 ካርበን ያላቸው ጅራቶች ይበዛሉ።

እነዚህ ረጃጅም ጅራቶች ከሚገኙባቸው ሞለኪውሎች አንዱ ሲ26 ሊሶፎስፋቲዲልኮሊን የተባለው ፎስፎሊፒድ ነው። የተለመደው ፎስፋቲዲልኮሊን ሁለት ጅራት ሲኖረው ይህኛው አንድ ብቻ አለው። በሽታው ባለበት ሕፃን ደም ውስጥ መጠኑ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ የሕመም ምልክት ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊለካ ይችላል። ለልኬቱ የሚያስፈልገው በወረቀት ላይ የደረቀ ጥቂት ደም ብቻ ነው። ይህ የናሙና አወሳሰድ በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ ኤችአይቪ በደማቸው ከሚገኝ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት የሚመረመሩት በተመሳሳይ መልኩ በሚወሰድ የደረቀ ደም ነው።

የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ይህን ምርመራ ለሁሉም ጨቅላ ሕፃናት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ምርመራው በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በሚመከሩ የጨቅላ ሕፃናት ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ተግባራዊ አድርገውታል። በኔዘርላንድስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለወንድ ሕፃናት ይሰጣል።

ላቦራቶሪው እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይለካል?

በመጀመሪያ ከደረቀው የደም ጠብታ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቁራጭ ይወሰዳል። ቁራጩ በሜታኖል ውስጥ ሲነከር ፎስፎሊፒዶቹ ከወረቀቱ ወደ ፈሳሹ ይወጣሉ። በፈሳሹ ውስጥ አስቀድሞ መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ ይጨመራል። ማነጻጸሪያው ከሚፈለገው ሞለኪውል ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ጥቂት የሃይድሮጅን አቶሞቹ በከባድ ሃይድሮጅን በመተካታቸው ክብደቱ በትንሹ የሚበልጥ ነው።

በብዙ ላቦራቶሪዎች የመጀመሪያው ዙር ምርመራ ናሙናውን ሳይለይ በቀጥታ ማስ ስፔክትሮሜትር ወደተባለው መሣሪያ ያስገባል። መሣሪያው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ይለያል። ይህ አሠራር ለአንድ ናሙና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚፈጅ በርካታ ሕፃናትን ለመመርመር ያስችላል። ሆኖም በደም ውስጥ ከሚፈለገው ሞለኪውል ጋር ተቀራራቢ ክብደት ያላቸው ሌሎች ነገሮች ስለሚገኙ አብረው ሊቆጠሩና ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ከፍ ያለ ውጤት የታየበት ናሙና ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋል።

በሁለተኛው ዙር ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ጥቅም ላይ ይውላል። ናሙናው በግፊት በአንድ ቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ቱቦው ላያቸው ስብን በሚስብ ነገር በተሸፈነ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች የታጨቀ ነው። አሠራሩን በገበያ ውስጥ ከሚያልፉ ሰዎች ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ሁሉም በአንድ በር አብረው ቢገቡም በየመደብሩ የሚቆመው ኋላ ይወጣል፣ የማይቆመው ቀድሞ ይወጣል። በተመሳሳይ መልኩ አጭር ጅራት ያላቸው ፎስፎሊፒዶች ከቅንጣቶቹ ጋር ብዙም ስለማይጣበቁ ቀድመው ይወጣሉ። 26 ካርበን ያለው ረጅም ጅራት ግን አጥብቆ ስለሚይዝ ዘግይቶ ይወጣል። በፈሳሹ ውስጥ የውኃው መጠን እየቀነሰ የሜታኖሉ ወይም የአሴቶናይትራይሉ መጠን ሲጨምር እርሱም ይለቃል።

እያንዳንዱ ሞለኪውል የታወቀ የመውጫ ጊዜ አለው። በዚያ ጊዜ የወጣው ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ይገባል፤ መሣሪያው 636.5 ገደማ ክብደት ያለውን ይመርጣል፣ ይሰብረዋል፣ ከስብርባሪዎቹም የሞለኪውሉ መለያ የሆነውን ይቆጥራል። የመውጫው ጊዜ፣ የሙሉው ሞለኪውል ክብደትና የስብርባሪው ክብደት ሲገጥሙ የተለካው ነገር ማንነት ይረጋገጣል። በመጨረሻም የሕፃኑ ሞለኪውል መጠን ከማነጻጸሪያው ጋር ተወዳድሮ በአንድ ሊትር ደም ስንት ማይክሮሞል እንደሚገኝ ይሰላል። መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ የመቆጣጠሪያ ናሙናዎችም አብረው ይለካሉ፤ የእነርሱ ውጤት ከተፈቀደው ወሰን ከወጣ የዚያ ዙር ውጤት ይፋ አይደረግም፣ ልኬቱም ይደገማል።

ውጤቱ የሚገልጸውና የማይገልጸው

ከፍ ያለ ውጤት የሚገልጸው ረጃጅም የስብ አሲዶች በሕፃኑ ደም ውስጥ መብዛታቸውን ነው። ሕፃኑ ታሟል ማለት አይደለም። ምክንያቱን ለማወቅ የኤቢሲዲ1 ዘረ መል ምርመራ ይደረጋል። አንዳንድ ጊዜ መንስኤው ዜልዌገርን የመሰለ ሌላ በዘር የሚተላለፍ ችግር ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም የተለየ ክትትል ይጠይቃል።

የቁጥሩ ከፍታ ሕመሙ መቼና በምን መልክ እንደሚመጣ አይገልጽም። ተመሳሳይ የዘረ መል ለውጥ ካላቸው ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በልጅነቱ አንጎሉ ሊጎዳ፣ ሌላው እስከ ጉልምስና ያለ ችግር ሊኖር ይችላል። ክትትል የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም የደም ጠብታዎቹ ተደራርበው ወይም በሚገባ ሳይደርቁ ከተላኩ ላቦራቶሪው ሁለተኛ ናሙና ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ ጥያቄ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም።

ክትትሉ ለምን አይዘገይም?

በአንጎል ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለማስቆም የሚደረገው ዋና ሕክምና የደም ግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንዳንድ ልጆች የሚሆን የዘረ መል ሕክምናም በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ይሁን እንጂ የደም ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበታል። እነዚህ ሕክምናዎች የሚጠቅሙት ጉዳቱ ገና ሲጀምር፣ በኤምአርአይ ምስል ላይ ታይቶ በልጁ ሁኔታ ላይ ግን ምልክቱ ሳይገለጥ ነው። ልጁ መናገር ወይም ማየት ከተቸገረ በኋላ የጠፋውን አይመልሱም። ስለዚህ በሽታው የተረጋገጠበት ወንድ ልጅ ጤናማ እየመሰለ ከ3 እስከ 12 ዓመት ዕድሜው በየ6 ወሩ የአንጎል ኤምአርአይ እንዲነሣ ይመከራል፤ የመጀመሪያው ምስል ከዚያ ቀደም ብሎ ይነሣል።

የአድሬናል ዕጢ ድክመት ደግሞ ከጥቂት ወራት ዕድሜ ጀምሮ ሊከሰት ስለሚችል ሆርሞኑ በደም ምርመራ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ልዩነት ይታያል። ድክመቱ ከተገኘ ምትክ ሆርሞን በመድኃኒት መልክ ይሰጣል፤ ካልታወቀ ግን ቀላል ትኩሳት እንኳ ልጁን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በተለምዶ የሎሬንዞ ዘይት የሚባለው ምግብ ነክ ዘይት በደም ውስጥ ያለውን የስብ መጠን ቢቀንስም በአንጎል የጀመረውን ሕመም ስለማያስቆም የእነዚህ ክትትሎች ምትክ ሊሆን አይችልም።

የቤተሰብ ምርመራ

ለውጡን የተሸከመች እናት ለእያንዳንዱ ልጇ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የማስተላለፍ ዕድሏ 50 በመቶ ነው። ለውጡ ያለበት አባት ለሴቶች ልጆቹ ሁሉ ሲያስተላልፍ ለወንዶች ልጆቹ አያስተላልፍም። በሴት ሕፃን ላይ የተገኘ ውጤትም ችላ ሊባል አይገባም። ሴቶች በልጅነታቸው አንጎልን የሚጎዳው ዓይነት የሚይዛቸው እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ በጉልምስናቸው የእግር መድከም ሊገጥማቸው ይችላል። ከሁሉም በላይ የእርሷ ውጤት ያልተመረመረ ታላቅ ወንድሟን፣ አጎቷን ወይም የአክስቷን ልጅ በጊዜ ለማዳን ሊረዳ ይችላል። እናትን መውቀስ ግን አይገባም፤ ለውጡ በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም።

ከወላጆች የሚጠበቁ ተግባራት

• ለሆስፒታሉና ለሕፃናት ሐኪሙ ትክክለኛ የስልክ ቁጥርና አድራሻ መስጠት፤ አድራሻ ሲቀየርም ወዲያውኑ ማሳወቅ።
• ለተጨማሪ ምርመራ ሲጠሩ በተቀጠረው ቀን ሕፃኑን ይዞ መቅረብ።
• በእንግሊዝኛ ለመግባባት የሚቸገሩ ከሆነ የአማርኛ ወይም የሌላ ቋንቋ አስተርጓሚ መጠየቅ። የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ይህን አገልግሎት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ልጆችን በአስተርጓሚነት መጠቀም አይመከርም።
• የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ተቀብሎ ማስቀመጥ፤ የዘረ መል አማካሪ ማነጋገር።
• ልጁ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ከፍተኛ ድካም፣ ራስን መሳት ወይም የቆዳ መጥቆር ከታየበት ወደ ድንገተኛ ክፍል ወስዶ የአድሬኖሊኮዲስትሮፊ ውጤት እንዳለው መናገር።
• ምትክ ሆርሞን የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲያቋርጥ አለማድረግ።
• ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲጓዙ በቂ መድኃኒትና የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠን እንዲሁም በሕመም ጊዜ የሚሰጠውን ተጨማሪ መጠን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ መያዝ። ልጁን ከዘመድ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የሚያቆዩ ከሆነ የኤምአርአይና የደም ምርመራ ቀጠሮዎቹ እንዳያልፉ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር።

ከፍ ያለ የፎስፎሊፒድ ልኬት ለቤተሰብ ጊዜ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጁ ጤናማ በሚመስልባቸው ዓመታት እያንዳንዱ ቀጠሮ ሲከበር፣ ሕክምና የሚያስፈልግበት ቀን ቢመጣ ሳይመሽ ይደረስበታል።